ዶሮዎቻችሁን ስም ታወጡላቸዋላችሁ? ለምን?

ጓሮ_ጠባቂ
ሰላም ለሁላችሁ። አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ጓሮዬ ውስጥ ያሉት ዶሮዎች ሁሉም ስም አላቸው። አለቃዋ እሜቴ ናት። ከዚያ ገብስማ፣ ከዚያ ብርቄ፣ መጨረሻ ላይ ጉትዬ። አውራው ሻምበል ይባላል። በስም ስጠራቸው የሚሰማ ሰው ሁሉ ግራ ይገባዋል። ለውሻ ስም ይወጣል፣ ለላምም ይወጣል፣ ለዶሮ ግን ምን ያደርግልሃል ይሉኛል። አጥጋቢ መልስ ሰጥቼ አላውቅም፤ ያለ ስም ማርባት ግን አይሆንልኝም። ስም የምታወጡ ለምንድን ነው የምታወጡት? የማታወጡስ ለምን ተዋችሁት? በተለይ የምታርዱ ሰዎች ምን እንደምትሉ መስማት እፈልጋለሁ።

ቆጥ_ላይ
እኔ አወጣለሁ። ሥራ ያቀልልኛል። ማታ ቆጥ ላይ ሲወጡ ስቆጥር ስም ባይኖራቸው "አንዷ ጎድላለች" ብዬ እቀራለሁ። ስም ስላላቸው ግን "ዛጎልማ የለችም" እላለሁ። ዛጎልማ ደግሞ የት እንደምትደበቅ አውቃለሁ፣ ከእንጨቱ ክምር ኋላ ነው፣ በቀጥታ ወደዚያ እሄዳለሁ።

እንቁላሉም እንደዚያው ነው። እንቁላል ሁሉ አንድ ዓይነት ነው የሚል ሰው አስተውሎ አላየም። አንዷ ሁልጊዜ ሾል ያለ ትጥላለች። አንዷ ድቡልቡል ያለ። አንዷ ደግሞ ወፍራሙ ጫፍ ላይ ጠቃጠቆ ያለበት። የአንዲት ዶሮ እንቁላል ቅርፁና ቀለሙ ብዙም ስለማይቀያየር፣ ከጎጆው ሳወጣው የማን እንደሆነ አውቃለሁ። ቅርፊቱ ድንገት ከሳሳ ወይም ከሻከረ ደግሞ የትኛዋን ይዤ ማየት እንዳለብኝ አልጠራጠርም። ቤት ውስጥ ከአንድ ሰው በላይ የሚንከባከባቸው ከሆነማ ያለ ስም መግባባት አይቻልም። "ያቺ ቀይዋ፣ እሷ ሳትሆን ሌላኛዋ፣ ጠቆር የምትለው" ስትባባሉ ትውላላችሁ።

ቁጥር_ይበቃል
ለዚህ ለዚህማ የእግር ቀለበት አለላችሁ። ቢጫ፣ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፤ ቁጥር የተጻፈበትም አለ። እኔ ደብተር ይዣለሁ። መቼ መጣል ጀመረች፣ መቼ ታቀፈች፣ መቼ ላባ ጣለች፣ መቼ ተከተበች፣ ሁሉም እዚያ አለ። ስም አላስፈለገኝም። በደንብ ትበላለች፣ ንጹሕ ቦታ ታድራለች፣ ጊዜዋ ሲደርስ ትታረዳለች። ስም ሲወጣላት ግን ውሳኔው ሁሉ ይበላሻል።

ጓሮ_ጠባቂ
ይበላሻል ወይስ ይከብዳል? ሁለቱ ይለያያሉ እኮ።

ቁጥር_ይበቃል
ይከብዳል። የከበደ ውሳኔ ይዘገያል፤ ሲዘገይ ደግሞ የምትጎዳው ዶሮዋ ናት። የማትድን ዶሮ አለች። ስም የሌላትን ሰውዬው በዚያው ቀን ይገላግላታል። ስም ያላትን "ነገ ትሻላት ይሆናል" እያለ ጥግ ላይ አስቀምጦ ያያታል። እሱ የሚያዝን ይመስለዋል፣ ስቃዩ ግን የሷ ነው። እኔ የምቃወመው ይሄንን ነው እንጂ ፍቅራችሁን አይደለም።

እናት_ዶሮ
ወንድሜ፣ ያልከው እውነት አለው። ግን ከዚያ በፊት ያለውን ነገር ዘለልከው። ዶሮ ሕመሟን ትደብቃለች። ደከም ብላ ከታየች ሌሎቹ ይረባረቡባታል፤ ስለዚህ እስክትወድቅ ድረስ ጤነኛ ትመስላለች። ምልክቱ ለማንም እስኪታይ ከጠበቅክ ብዙ ጊዜ መሽቷል። ቀድሞ የሚያየው ባሕርይዋን የሚያውቅ ሰው ነው።

እኔ ጨቅጫቂት የምላት አለች። በር ሲከፈት ሁሌም መጀመሪያ የምትወጣው እሷ ናት፣ እየጮኸች፣ እግሬ ሥር እየገባች። አንድ ቀን መጨረሻ ላይ ወጣች። ዝም ብላ። ጥሬ ስበትን ሁለት ፍሬ ለቅማ ተወችው። ጭራዋ ወደ ታች ወርዷል፣ እንደ መቆም ብላ ቁጢጥ ትላለች፣ ታምጣለች፣ ትነሳለች። ሆዷን ስዳብስ እንቁላሉ ተይዞባታል። ለብ ያለ ውሃ ውስጥ እስከ ሆዷ አስገብቼ አቆየኋት፤ ከዚያ ጨለም ያለና ሞቅ ያለ ቦታ ብቻዋን አስቀመጥኳት። ከሰዓት በኋላ ጣለችው። ያ እንቁላል እዚያው ቢያድር ትሞትብኝ ነበር። ደብተር ላይ "ቁጥር ይህን ያህል" ብላት ኖሮ ያን ጠዋት መጨረሻ መውጣቷን ልብ እለው ነበር? እኔ እንጃ፣ አይመስለኝም። ሌላ ሰው ቢያያት "ምን ሆነች፣ ቆማለች እኮ" ነው የሚለው።

ቁጥር_ይበቃል
እሱን ያየሽው ስም ስላላት አይደለም። ስለምታያት ነው።

እናት_ዶሮ
ስም ያወጣሁላትም ስለማያት ነው። ሁለቱን መለየት አልችልም።

አባ_ጥሬ
ልጆቼ፣ እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ ከዶሮ ተለይቼ አላውቅም። ተቀምጬ ስም አላወጣም፤ ስሙ ራሱ ይመጣል። መጀመሪያ በመልኳ ነው። ገብስማ፣ ወሰራ፣ ዛጎልማ ትባላለች። ያ ገና ስም አይደለም። እያደር ግን የምትሠራው ሥራ አለ። አንዷ የሌላ ዶሮ ጎጆ ካልሆነ አትጥልም። አንዷ ጥሬ ከእጅ ካልሆነ አትበላም። አንዷ ሌሎቹ ሲጣሉ መሐል ትገባለች። ያኔ ስሟ ከአፍህ ይወጣል። "ስምን መልአክ ያወጣዋል" የሚባለው በዶሮም ይሠራል።

ለጫጩት ግን ስም አይውጣ። በ21 ቀን ተፈልፍለው ሲወጡ ሁሉም ያምራሉ፣ ሰው ይቸኩላል። ላባ ሲቀይሩ ግን ቢጫ የነበረው ነጭ ይሆናል፣ ጥቁር የነበረው ገብስማ ይሆናል። ግማሽ ያህሉም ወንድ ነው የሚወጣው። በዚያ ላይ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አንዳንዱ ያልፋል። ቄብ እስክትሆን ታገሡ።

ሊሊ_በጓሮ
አባባ፣ ልክ ብለዋል። እኛ ቤት ቆንጂት የተባለችው አንድ ማለዳ ጮኸች። አውራ ናት ለካ! ልጆቹ "ስሟ አይቀየርም" ብለው አለቀሱ። አሁን ግዙፍ፣ ቀይና አረንጓዴ ጭራ ያለው አውራ ነው፤ ቆንጂት ሲሉት ሮጦ ይመጣል።

አዲስ_አርቢ
ቆይ፣ በእርግጥ ስማቸውን ያውቃሉ? ወይስ ድምፃችሁን ሰምተው ጥሬ ፍለጋ ነው የሚመጡት?

ላባ_ቆጣሪ
ሁለቱም ሊሆን ይችላል። ስታበላ ብቻ የምትጠራቸው ከሆነ ድምፅህ ማለት ጥሬ ነው፣ የፈለግከውን ስም ብትጠራ ሁሉም ይመጣሉ። አንዷን ለብቻ ማስተማር ግን ይቻላል። ስሟን ጥራ፣ እሷ ቀና ስትል ብቻ ከእጅህ አብላት፣ ሌላዋ ስትመጣ እጅህን ዝጋ። ደጋግመው። ዶሮ ድምፅን ከምግብ ጋር ለማያያዝ ብዙ አትቸገርም።

ደግሞ በድምፅ ነው የሚኖሩት። ከ20 በላይ የተለያዩ ድምፆች እንዳሏቸው ተጠንቷል። ከሰማይ ለሚመጣ ጭልፊት የሚያሰሙት ማስጠንቀቂያና በምድር ለሚመጣ አውሬ የሚያሰሙት አንድ አይደለም። አውራው ጥሩ ነገር ሲያገኝ እያነሳ እየጣለ "ኩክ ኩክ" ብሎ ሴቶቹን ይጠራል። እናቲቱም ጫጩቶቹ ገና ቅርፊቱ ውስጥ እያሉ ታናግራቸዋለች፣ እነሱም ከውስጥ ይመልሱላታል። ታቅፋ ባለች ዶሮ አጠገብ በመጨረሻዎቹ ቀናት ዝም ብላችሁ ብትቀመጡ ትሰሙታላችሁ።

አንድ ነገር ልጨምር። እኛ ስም አወጣን አላወጣን፣ እነሱ እርስ በርስ ይተዋወቃሉ። ማን ማንን ቀድሞ እንደሚበላ፣ ማን ማንን ጠቅ እንደሚያደርግ ሥርዓት አለው። ይህን መጀመሪያ በጥናት የጻፈው ቶርሌይፍ ሼልደሩፕ-ኤበ የተባለ ኖርዌያዊ ነው፤ ሥራው የወጣው በ1921 እ.ኤ.አ. ነው። ነገሩን ያስተዋለው ግን ገና በልጅነቱ የቤተሰቡን ዶሮዎች ሲያይ ነበር። ማን ማንን እንደመታች ለመመዝገብ እያንዳንዷን መለየት ነበረበት። ጅምላውን "ዶሮዎቹ" ብሎ ቢያይ ኖሮ ያ ሥርዓት አይታየውም ነበር።

ዶሮዎቹ እርስ በርስ የሚለያዩት በአብዛኛው ጭንቅላትን አይተው ነው። ራስ ላይ ያለው ቀይ ሥጋ መልኩ ቢለወጥ የገዛ ጓደኞቿ እንደ እንግዳ ሊደበድቧት ይችላሉ።

ጓሮ_ጠባቂ
ይሄ ደስ ይላል። እኔም የእኔዎቹን የምለያቸው በጭንቅላታቸው ነው ለካ። የእሜቴ ራስ ላይ ያለው ቀይ ሥጋ ወደ ግራ ዘንበል ብሎ አንድ ዓይኗን ሊሸፍን ይደርሳል።

ላባ_ቆጣሪ
ስም ማውጣት ሞኝነት ነው ለሚሉ ደግሞ ጄን ጉዳልን አስታውሱ። በ1960 እ.ኤ.አ. ታንዛኒያ ጎምቤ ሄዳ ቺምፓንዚዎችን ስታጠና ቁጥር በመስጠት ፈንታ ስም አወጣችላቸው። አንደኛው ዴቪድ ግሬይቤርድ ይባላል። በጊዜው የነበሩ ምሁራን "ይሄ ሳይንስ አይደለም፣ ቁጥር ነው የሚሰጠው" ብለው ነቀፏት። እያንዳንዱ የራሱ ጠባይ እንዳለው ያሳየችው ግን በዚያው መንገድ ነው። ልጅ ሳለች እንቁላል ከየት እንደሚወጣ ለማየት ዶሮ ቤት ገብታ ተደብቃ ለሰዓታት ተቀምጣ፣ ቤተሰብ ጠፋች ብሎ ሲፈልጋት እንደነበር ራሷ ደጋግማ ተናግራለች።

በላምም ተጠንቷል። በ2009 እ.ኤ.አ. የእንግሊዙ ኒውካስል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች 516 የወተት ላም አርቢዎችን ጠይቀው ነበር። ላሞቻቸውን በስም የሚጠሩት በአንድ ላም በዓመት በአማካይ 258 ሊትር የበለጠ ወተት እንደሚያገኙ ነው የወጣው።

ቁጥር_ይበቃል
ስሙ ወተት አመጣ ማለት ነው? በስም የሚጠራ ሰው ላሞቹ ጥቂት ናቸው፣ አጠገባቸው ይውላል፣ አይጮኽባቸውም፣ አይመታቸውም። ወተቱን ያመጣው ያ ነው። ስም ሳታወጣ ያንን ሁሉ ማድረግ ትችላለህ።

ላባ_ቆጣሪ
ትችላለህ፣ ትክክል ነህ። ጥናቱም የሚያሳየው ሁለቱ አብረው እንደሚሄዱ ነው እንጂ ስሙ ምክንያት ነው አይልም። የእኔ ጥያቄ ግን ስንት ሰው ያደርገዋል የሚለው ነው። አንተ ደብተር አለህ። ደብተር የሌለው ብዙ ሰው ነው። ለሱ ስሙ ደብተሩ ነው።

እንቁላልና_ሥጋ
እኔ የሁለቱም ወገን ነኝ። የእንቁላልም የሥጋም ዶሮ አረባለሁ። ለሥጋ የሚሆኑት ከ6 እስከ 8 ሳምንት ውስጥ ይደርሳሉ። ሁሉም ነጭ፣ ሁሉም አንድ መጠን፣ ውሏቸው መብላትና መተኛት። ጠባያቸው ሳይገለጥ ቀኑ ይደርሳል። ለነሱ ስም አላወጣም፣ ጨክኜ ሳይሆን ስም የሚያወጣ ነገር ሳላይባቸው ስለሚያልፉ። የእንቁላሎቹ ግን ዓመታት አብረውኝ ይኖራሉ። እነሱ ስም አላቸው።

የሚከብደው መሐል ላይ ያሉት ናቸው፤ ትርፍ አውራዎች። ጥቂት ሴቶች ባሉበት ጓሮ ብዙ አውራ ማኖር አይቻልም። እርስ በርስ ይደማማሉ፣ ሴቶቹን ጀርባቸውን ይልጧቸዋል። ስለዚህ መታረድ አለባቸው። እኔ ስም ያለውን አውራ አርጃለሁ። ለሌላ ሰው አልሰጠሁም፤ የማያውቀው ሰው እጅ እያባረረ፣ እያስደነገጠ ይይዘዋል። እኔ ማታ ቆጥ ላይ እንዳለ በእርጋታ አወረድኩት፣ በጨለማ ዶሮ አይታገልም። ጠዋት ሳይጨነቅ አለቀ። ስሙን ማወቄ እጄን አላሰረውም። እንዴት እንደምይዘው ግን ወስኗል። ስም ያለው እንስሳ አይታረድም የሚባለው ለኔ አልሠራም። ስም ያለው እንስሳ በግድየለሽነት አይታረድም፣ ይሄ ግን እውነት ነው።

ሊሊ_በጓሮ
ይሄን ለልጆች እንዴት ነው የምታስረዱት? የእኔ ጭንቀት እሱ ነው።

እናት_ዶሮ
እውነቱን ንገሪያቸው እህቴ። "ጠፋች"፣ "ሌላ ቦታ ሄደች" አትበያቸው። ልጅ ይጠብቃል፤ በየቀኑ አጥር ሥር እየሄደ ይጠራታል። እኛ ቤት ከመጀመሪያው ተነጋግረናል። ልጆቹ ስም የሚያወጡት ለሚቀሩት ብቻ ነው። የትኞቹ እንደሚቀሩ ዶሮዎቹ ሳይመጡ እናውቃለን። ስለሞትም ቀድመን እናወራለን፣ ዶሮ ከሰው ዕድሜ ጋር እንደማይሄድ።

ሌላው ነገር ንጽሕና ነው። ስም ያላት ዶሮ ትታቀፋለች፣ ትሳማለች፣ እስከ መኝታ ቤት ትገባለች። ጤነኛ የምትመስል ዶሮም ሳልሞኔላ የሚባለውን ባክቴሪያ ልትሸከም ትችላለች። ሕፃናት ደግሞ ቶሎ ይታመማሉ፣ በተለይ ከ5 ዓመት በታች ያሉት። መውደዱ ይቅር አላልኩም። አይሳሟት፣ ፊታቸው ላይ አያስጠጓት፣ ነክተዋት ሲጨርሱ እጃቸውን በሳሙና ይታጠቡ። ዶሮ ቤት የሚገባበት ጫማም ቤት ውስጥ አይግባ።

ሸማች_ነበርኩ
እኔ ስም ማውጣት የተውኩት በኀዘን ነው። ጭልፊት ብርሃኔን ከፊቴ ነጥቆ ወሰዳት። ከዚያ በኋላ ለመጡት አላወጣሁም። ይሄን ውይይት ሳነብ ግን አንድ ነገር ገባኝ፤ ከዚያ በኋላ የሞቱትን አንዳቸውንም ማስታወስ አልችልም። ሐዘኑ አልቀነሰም፣ የማን እንደሆነ ብቻ ጠፋብኝ።

አባ_ጥሬ
አይዞሽ ልጄ። ጊዜሽን ውሰጂ። ጥሬ ስትሰጫቸው ቆይተሽ እያቸው፣ አንዷ ራሷ ትመጣለች።

አዲስ_አርቢ
ስንት ዓመት ይኖራሉ ግን? ስም አውጥቼ በዓመቱ እንዳላጣት።

ቆጥ_ላይ
በደንብ ከተያዘች ከ5 እስከ 8 ዓመት የተለመደ ነው፣ ከዚያም ያለፉ አሉ። ፒነት የምትባል የአሜሪካ ዶሮ በ2023 እ.ኤ.አ. በሕይወት ካሉት ሁሉ በዕድሜ ትልቋ ተብላ ጊነስ መዝገብ ላይ ገብታለች፤ 20 ዓመት አልፏት ነበር። እናቷ የተወችው የቀዘቀዘ እንቁላል ነበረች። ባለቤቷ ሊጥሉት ሲሉ ከውስጥ ድምፅ ሰምተው ነው ያወጧት። እንቁላሉ ግን እንደ ዕድሜዋ አይደለም። ለእንቁላል የተዳቀሉት በመጀመሪያው ዓመት እስከ 300 ሊጥሉ ይችላሉ፣ ከሁለተኛው ጀምሮ በየዓመቱ እየቀነሰ ይሄዳል። ስለዚህ ስም ስታወጣ ይሄንንም አስብበት። መጣል ስታቆም ምን ልታደርግ ነው? መልሱ "አኖራታለሁ" ከሆነ ለመኖዋም ለቦታዋም አሁኑኑ አስብ።

አዲስ_አርቢ
አመሰግናለሁ። የኔዎቹ ችግር ደግሞ ሁሉም ቀይ ናቸው፣ አንድ ቦታ የተፈለፈሉ። መለየት አቃተኝ። ስም ላውጣ ብል እንኳን ለማን እንደምሰጠው አላውቅም።

ቁጥር_ይበቃል
ለጊዜው ቀለበት እሰርላቸው። እያደጉ ሲሄዱ እንዳይጠብቅባቸው በየጊዜው እይ፣ ከጠበቀ እግር ይቆርጣል። እኔ ቢጫ ቀለበት ያላትን "ቢጫዋ" ነው የምላት።

ሊሊ_በጓሮ
ቢጫዋማ ስም ሆነ በቃ!

ቁጥር_ይበቃል
አይደለም። ቢጫዋ ስትሞት ቀለበቱን አጥቤ ለሌላዋ አስርላታለሁ፣ እሷም ቢጫዋ ትሆናለች። ስም ቢሆን እንደዚያ አላደርገውም።

ጓሮ_ጠባቂ
ጥሩ ነጥብ ነው የጠቆምከው። እኔም የሞተችን ዶሮ ስም ለሌላ አልሰጥም። እናንተስ?

እንቁላልና_ሥጋ
እኔ እሰጣለሁ፣ ግን ለዘሯ ብቻ። ከእንቁላሏ ከወጡት መሐል ጠባይዋን ይዛ የመጣች ካለች ስሙን እሷ ትወስዳለች። አሁን ያለችው ኩሩ ሦስተኛዋ ኩሩ ናት። እንደ አያቷ ከፍ ያለው ቆጥ ካልሆነ አታድርም።

አባ_ጥሬ
እኔም እንደዚያው ነው። ዘር ከሌላት ስሟ አብሯት ይሄዳል።

ላባ_ቆጣሪ
አዲስ_አርቢ፣ ቀዮቹን ለመለየት ቀለበቱ ላይ ብቻ አትደገፍ። ጠዋት ጠዋት ጥሬ በትነህ አጠገባቸው ተቀመጥ። መጀመሪያ ራሳቸው ላይ ያለውን ቀይ ሥጋ እይ፤ የአንዷ ጥርሱ አምስት ይሆናል፣ የሌላዋ ስድስት፣ አንዱ የተጣመመ ይኖራል። ቀጥሎ ጥፍራቸውን። ከዚያ ማን ማንን ገፍታ እንደምትበላ። ድምፃቸውንም ስማ፣ እንቁላል ጥላ ስትወጣ የምትጮኸው እያንዳንዷ በራሷ ዜማ ነው። አለቃዋንና መጨረሻ የምትበላዋን መጀመሪያ ትለያቸዋለህ። መሐል ያሉት ጊዜ ይወስዳሉ።

አዲስ_አርቢ
እሺ፣ ነገ እጀምራለሁ። አለቃዋን የጠረጠርኳት አለች፣ ውሃው ጋ ማንንም አታስጠጋም። ፎቶ እለጥፋለሁ፣ ስም ታግዙኛላችሁ።